የመስቀል ጠራቢው ቤት ዳቦ

በአንኮበር ያለህ፣ በጎረቤላም ያለህ እወቅ፤ በወልደአረጋይ ሰልስት ልጁ አልታየች ዳቦ ቆረሰች።

ሙሾው ተቋረጠ። እስከዚያ ድረስ ጎረቤቷ ደመቀች ቤቱን በሙሾ ይዛው ነበር፤ «ከአንድ ገበታ የበላን ወንድሜ» እያለች።

አልታየች ሰፌዱን ይዛ ፊቷ ቆመች። «እንግዲያስ ይቅመሱ፣ እመት ደመቀች። በአባቴ ገበታ ቀርቧል።»

ዳቦውን ከየት አመጣሽ ብሎ የጠየቀ የለም።

ወልደአረጋይ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ከወይራ መስቀል የሚጠርብ ሰው ነበር። የደመቀች ልጅ በንዳድ ሲሞት «በዓይኑ በላብኝ» አለች፤ አገሩም አመነ። ከዚያ ወዲያ እጁ የነካውን እንጀራ የሚቀምስ ጠፋ። እጁ የጠረበውን መስቀል ግን ይሳለሙታል፤ በጠበል ይነጻል ብለው። የማኅበሩ ተራ በደረሰው ጊዜ አንዱ ወገቤን፣ አንዱ በቅሎዬን ብሎ ቀረ። ወልደአረጋይ በር በሩን ሲያይ ቆይቶ፣ ወጡ ሲረጋ መሮውን አንስቶ ወደ መስቀሉ ተመለሰ። አልታየች ያን ቀን ድስቱን ለውሻ ስትገለብጥ ያሰበችውን ለንስሐ አባቷም አልነገረችም።

«እንዴታ ልጄ» አለች ደመቀች። ቁራሹን በሁለት ጣት አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። «ለልጆቹ ልውሰድላቸው።»

«እኔም ለሚስቴ» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ኃይለ ገብርኤል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች።

ሁሉም ቋጠረ። ከዚያ አንድ ባንድ «ውጭ ደርሼ ልምጣ» እያለ ወጣ፤ ሲመለስ ቋጠሮው ተፈትቷል። ደመቀች መጨረሻ ተመለሰችና ሙሾዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

አባ ገብረመንፈስቅዱስ ገቡ። ሁሉም ተነሣ፤ ወልደአረጋይ የጠረበውን የእጅ መስቀላቸውንም በየተራ ተሳለመ።

«ማለዳ የሰጠሁሽ የደብሩ መክፈልት ዳቦ ለሁሉ ተዳረሰ?» አሏት አልታየችን።

«ተዳረሰ፣ አባ።»

«የተባረከ ነው፤ ፍርፋሪው መሬት እንዳይነካ ብዬሻለሁ።»

«እኔ አላስነካሁም።»

ከአጥሩ ውጭ አንድ ቁራ ጮኸ። ሌላው መለሰለት። ከዚያ መንጋው የተጣለው ቁራሽ ላይ ወረደ።

አባ በበሩ አሻግረው አዩ። ቀጥለው ለቀስተኛውን አዩ። የደመቀች እጅ ባዶውን የነጠላ ጫፍ ይዳብስ ነበር። 

አልታየች ሰፌዱ ላይ የቀረውን አንድ ቁራሽ አነሣች። በአባቷ በርጩማ ላይ፣ አንድ ክንዱ ገና ካልወጣለት መስቀል አጠገብ አኖረችው። የወይራውን ፍቅፋቂ እፍ ብላ አራቀችለት። ከዚያ አባቷ መብላት እስኪጀምር የምትጠብቅ ይመስል፣ እጇን ሰብስባ ቆመች።