ሁለተኛው የይለፍ ቃል

የምሠራበት ክፍል ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ በሩ ሥር፣ ሌላው መስኮቱ ጋ። የሰው የተመሰጠረ መልእክት የሚከፈተው የፍርድ ቤት ፈቃድ መጥቶ፣ ሁለት ሠራተኞች የየራሳቸውን የይለፍ ቃል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲያስገቡ ነው። አንድ ሰው ሮጦ ሁለቱንም እንዳይነካ ጠረጴዛዎቹን አራርቀዋቸዋል።

መስኮቱ ጋ የሚቀመጡት ጋሼ፣ “ሰው ብቻውን እንዳይባልግ ነው” እያሉ ይስቃሉ።

እጮኛዬ ሰሞኑን ስልኩን ደፍቶ ማስቀመጥ ጀምሯል። ድሮ አብራው ትሠራ የነበረች ፎቶ አንሺ አለች፤ በልቤ “ቀጭኗ” እላታለሁ። ስልኩ ሲነዝር ፈገግ ይላል። ማን እንደሆነ ስጠይቀው “ሥራ ነው” ይለኛል። ሥራ እንደዚያ የሚያስፈግግ ቢሆን ኖሮ እኔ እስካሁን በሳቅ በሞትኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሁለታችን ብቻ ነበርን።

“ጋሼ፣ አንድ የስልክ ቁጥር እንክፈት?”

“ፈቃዱ መጣ?”

“አልመጣም። የእጮኛዬ ነው።”

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

“ባለፈው ሳምንት በመጣው ፈቃድ ላይ እንደርበዋለን። ማን ያያል? ከዚያ ግን የኔንም ታግዢኛለሽ።”

“የማንን?”

“የሚስቴን።”

ሚስታቸውን፣ እትዬን፣ አውቃቸዋለሁ። ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር “ልጄ” ብለው አቅፈው ይስሙኛል። ስለ ቀጭኗ የተናገርኩት ለእሳቸው ብቻ ነው፤ ያውም ፊት ለፊት ስለማፍር በመልእክት። እሳቸውም ለባላቸው ያልነገሩትን ጽፈውልኛል፦ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱና ላይመለሱ አስበዋል።

“በይ፣ እኔ አስገብቻለሁ” አሉ ጋሼ።

ደቂቃው መቁጠር ጀመረ። የእጮኛዬ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ነው፤ ጣቶቼም ኪቦርዱ ላይ። ቀና ብዬ አየኋቸው። አንገታቸውን አስግገው ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ሰሞኑን በየመስታወቱ የማየው የራሴ ፊት ነበር። እጄን አነሳሁ። ደቂቃው አለቀ።

“ምነው፣ የይለፍ ቃልሽ ጠፋብሽ?”

“አልጠፋብኝም።”

“ፈሪ!” አሉ። አልሳቁም።

በማግስቱ ከምሳ ስመለስ ወንበሬ ላይ አንድ አዲስ ሠራተኛ ተቀምጧል። ሁለቱም እኩል የይለፍ ቃላቸውን ይጽፋሉ። ጋሼ ስክሪናቸው ላይ አቀርቅረው ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሏል።

“ለካ ቀጭን ሰው አትወጂም” አሉኝ።

ወጥቼ፣ ስንገባ ስልክ ከምናስቀምጥበት ሳጥን ስልኬን አወጣሁ። እትዬ ጽፈውልኛል፦ “ልጄ፣ ምነው ጠፋሽ? ያንን ነገር ምን ትመክሪኛለሽ?”

መልስ መጻፍ ጀመርኩና አጠፋሁት። አንዴ የተከፈተ ቁጥር ክፍት ሆኖ ነው የሚቆየው፤ የምጽፈውን ጋሼ ቀድመው ያነቡታል። ቦርሳዬን አንስቼ በእግሬ ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ። ፊት ለፊት ልነግራቸው።

መንገዱን ሙሉ ያንገበገበኝ ግን፣ ይቅር ይበለኝና፣ የእትዬ ነገር አልነበረም። ጋሼ አውቀው ቁጭ ብለዋል። እኔ ገና የራሴን አላወቅኩም።