ዘቢብ ከፊት በር

ሳልህ አረቡ እፍኝ ሙሉ ተምር ዘግኖ ከአለቃ አካለ ወልድ አፍንጫ ሥር ደቀነው። አለቃ የጠየቁት ዘቢብ ነበር፤ የጠየቁትም ሦስት ጊዜ ነበር።

"ይህም ጣፋጭ ነው" አለ ሳልህ።

"ጣፋጭ ነወይ ብዬ መች ጠየቅሁህ?"

"ይህም ደረቅ ነው። ይህም ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣ።"

አለቃ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ነገሩን ከሥሩ ጀመሩለት። ለቅዳሴ የሚሆነው ዘቢብ ነው፤ ተዘፍዝፎ፣ ታሽቶ፣ ተጠልሎ። ተምርን የሚያነሣ መጽሐፍ እሳቸው እስከ ዛሬ አላዩም። ሳልህ የደንበኛ ብሶት እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማቸውና የራሱን ብሶት ተካ። የነበረችውን ዘቢብ የሹማምንቱ ወጥ ቤት ወሰዳት። ከደጀን በኩል መኪና ይመጣል፤ ከፊቱ ወታደር፣ ከኋላው ወታደር። ሲራገፍ ግን ሁሉም የቆርቆሮ ቲማቲም ነው። ጨው እንኳ ከኅዳር ወዲህ በዓይኑ አላየም።

"ቲማቲም ይፈልጋሉ?"

"ቲማቲም ምን ያደርግልኛል?"

"እኔም አላወቅሁም" አለ ሳልህ ከልቡ እያዘነ።

አለቃ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ቀኑ ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ነው። ነገ ሌሊት የልደት ቅዳሴ ይገባል። የደብሩ ገበዝ እሳቸው ናቸው፤ ዕጣኑም፣ መገበሪያ ስንዴውም፣ ዘቢቡም በእጃቸው ነው። ትናንት ማታ ከዕቃ ቤት የዘቢቡን ማሰሮ ቢያወርዱ ከውስጡ የተገኘው የአይጥ ትራፊ ብቻ ሆነ። ክዳኑን የገጠሙት ራሳቸው ነበሩ፤ ማለት ገጥሜዋለሁ ብለው ነበር። የወዲያኛው ሰፈር ደብር ዘቢቡ ለራሱም አልበቃው። ደብረ ወርቅ ልሂድ ቢሉ፣ የይለፍ ወረቀት ያልያዘውን ጣልያን ያስረዋል፤ የያዘውን ደግሞ አርበኛ "ማን ሰጠህ?" ይለዋል።

ጣልያን ማርቆስ ከገባ ሁለት ገና አልፏል። ሁለቱም ሳይታጎል ተቀድሷል። ምሽጉንም መንገዱንም ቢይዙት ቅዳሴውን አልያዙትም እያለ ሰዉ የሚጽናናው በዚህ ነበር። ሦስተኛው ቢታጎል "አይጥ ነው" ብሎ የሚያልፍ የለም። አንዱ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ይላል፤ አንዱ የገበዙ ስንፍና ነው ይላል። ሁለተኛው ወሬ እንደሚበዛ አለቃ አልተጠራጠሩም።

አበረ ሱቅ ገቡ። አበረ ድሮ በቅሎ ጫኝ ነበር። አሁን ሦስት ቁልፍ የቀረው የወታደር ካፖርት ለብሶ፣ ከምሽጉ የተረፈውን ሁሉ ይሸጣል።

"ዘቢብማ ሞልቷል" አለ ገና ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ። አለቃ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ምስጋናው ግን ቸኩሎ ነበር። አበረ ከመደርደሪያው ላይ እንደ ከበሮ ረዘም ያለ ዳቦ አወረደ። ጎኑ ተቆርሷል። በቁራሹ በኩል ዘቢቡ ፍሬ ፍሬውን እንደ አይጥ ዓይን ይታያል።

"እዚህ ውስጥ ነው። የነሱ ልደት ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆነው፤ ተርፏቸው ነው። ይለቀማል እኮ አለቃ።"

"ዳቦው ምን ገብቶበታል?"

"ቅቤ። እንቁላል። አረቄም ጣል ሳያደርጉበት አልቀሩም።"

አለቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ጾም እኮ ነው፣ አንተ።"

"ለቀማው ነው በጾም የሚሆነው። ቅዳሴው ሲወጣ ፍስክ አይደል?" አበረ መልስ ሳይጠብቅ ጎንበስ ብሎ ጠርሙስ አመጣ። "ካልሆነም ይኸው ያለቀለት ወይን። ዘፍዝፎ ማሸቱ ምን አደከመዎ?"

አለቃ ስለ ፈላና ስላልፈላ ወይን ሊያስረዱት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ሳልህ ዘንድ ያፈሰሱት ቃል ትዝ አላቸውና አሳጠሩት። "ይህን ጠርሙስ ያመጡት ገዳም ገብተው መነኮሳቱን የፈጁት ናቸው። አውርደው።"

አበረ አወረደው። ጠረጴዛውን በእጅጌው ሲወለውል ቆየና፣ ቀና ሳይል፣ "አሰገደች ዘንድ አለ። ትናንት ሲገባላት አይቻለሁ። እርስዎ ግን..." ብሎ ተወው።

አለቃም እንዲጨርሰው አልፈለጉም። የቀረውን ራሳቸው ያውቁታል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ እሑድ፣ ወንጌል ሲነበብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለው የአሰገደች ሱቅ ተከፍቶ ወታደሮች እንቁላል እየገዙ ይዘፍኑ ነበር። ቅዳሴው ሲያልቅ አለቃ ምእመኑን ደጀ ሰላሙ ላይ አቁመው "ከአሰገደች ደጅ የገዛ፣ የቤተ ክርስቲያንን ደጅ አይርገጥ" አሉ። አባባሉ ለራሳቸውም ጣማቸውና ደገሙት። ከዚያ ቀን ወዲህ በአሰገደች ደጃፍ ሲገባ የታየ ሰው የለም።

ስለዚህ በጓሮ ዞሩ። በኮሽሙ አጥር ውስጥ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባት ሽንቁር አለች። ማንም የማይገዛበት ሱቅ ነው፤ የጓሮው መንገድ ግን ሣሩ አልቆ እንደ ገበያ መንገድ ተደልድሏል። አለቃ ሽንቁሯን ሲያልፉ ማሬ፣ የንስሐ ልጃቸው፣ ነጠላዋ ሥር አንዳች ነገር ሸጉጣ ስትወጣ ተገጣጠሙ።

"እንደምን ዋሉ አለቃ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ኮሽሙን ሲያደንቁ ቆዩና ተላለፉ።

አሰገደች ቀጠን ያለች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከጓሮ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሲገቡ ተነሥታ እጅ ነሣች። ምን ፈልገው እንደ መጡ ሰፈሩ ቀድሞ ነግሯት ኖሮ ሳትጠይቅ ትንሽ ከረጢት አምጥታ አፏን ፈታች። ዘቢብ ነው፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ንጹሕ። አለቃ እጃቸውን ሰደዱ። አሰገደች ከረጢቷን መልሳ ቋጠረች።

"አልሸጥም።"

"ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ አንቺ ሴት።"

"አውቃለሁ። ከኔ የገዛ ደጁን አይርገጥ ብለዋል። ከገዙ አይገቡም። እርስዎ ካልገቡ ዘቢቡን ማን ያስገባዋል?"

አለቃ ቅኔ ቤት ሳሉ በነገር በማንም የሚበለጡ አልነበሩም። ይህን ግን ዙሪያውን ቢፈልጉ መግቢያ አጡለት።

"እንግዲያው ለታቦቱ ስጭ።"

"ስለት የሚሰጥ ምእመን ነው። እኔ ምን እንደሆንሁ እርስዎ ተናግረዋል።"

"በሰንበት፣ ወንጌል ሲነበብ፣ ሱቅ ከፍተሽ አይደል?" አሉ አለቃ።

አሰገደች ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "በሩን በሰደፍ ሲመቱት 'ወንጌል ይለቅ፣ ቆዩ' ልበላቸው? ዘግቼ ነበር። አስከፈቱኝ። ቢጠይቁኝ ሰደፉ ያረፈበትን ሳንቃ አሳይዎ ነበር። ከደጀ ሰላም እስከዚህ ስንት እርምጃ ነው አለቃ?"

አለቃ እርምጃውን ያውቁታል። ሠላሳ አይሞላም።

"ምን ይሻልሻል ታዲያ?"

"ሰዉ ሁሉ በጓሮ ይመጣል። ማሬ በጓሮ፣ የዲያቆኑ እናት በጓሮ፣ ስሙን የማልጠራው ቤትም በጓሮ። እርስዎ በፊት በር ይምጡ። ሌላ አልጠይቅዎም።"

"ሰው ከገበያ የሚመለስበት ሰዓት ነው።"

"ነው" አለች አሰገደች፣ ወደ ምስሯ እየተመለሰች።

አለቃ በሽንቁሯ ሲወጡ ኮሽሙ ጋቢያቸውን ያዘ። እሱን ሲያላቅቁ ስሙ ያልተጠራው ቤት በሐሳባቸው መጣ። ሳልህ ጨው ካየ ወር አልፎታል። የሚስታቸው የሥራነሽ ወጥ ግን እስከ ትናንት ማታ ጨው አጥቶ አያውቅም። ከየት እንዳመጣችው አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም ጠግበው ይነሡ ነበር እንጂ አልጠየቁም። ለካ አለመጠየቅ ለምደዋል።

መንገዱ ከኮሽሙ ሥር ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ ወደ ቤታቸው፣ በቀኝ ወደ አደባባዩ። አለቃ ጥምጥማቸውን አቃኑና በቀኝ ሄዱ።

ከገበያ የሚመለሰው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። አለቃ ከአሰገደች ፊት በር ሲደርሱ አህያ የሚነዳው ሳይቀር ቆመ። ሳልህ ደጁ ላይ ወጣ። አበረ ከካፖርቱ አንገቱን አሰገገ። በሳንቃው ላይ፣ ከመዝጊያው ዝቅ ብሎ፣ የሰደፍ ሰንበር አለ። መድረኩ የሦስት ሳምንት አቧራ ለብሷል። አለቃ እግራቸውን አነሡ፤ አቧራው ላይ ዳናቸው ቀረ።

"እንደምን ዋልሽ አሰገደች?"

"እግዚአብሔር ይመስገን አለቃ" አለች፣ ዓመት እንዳላየቻቸው ሁሉ። "ምን ልስጥዎ?"

"ዘቢብ።"

አሰገደች ሚዛኗን አውርዳ ወለወለች። ዘቢቡን ከነከረጢቱ ከማስረከብ ይልቅ ፍሬ በፍሬ መዘነችው። በማርቆስ ምድር ዘቢብ እንዲህ ተጠንቅቆ ተመዝኖ አያውቅም። ውጭ ያለው ሰው አልሄደም።

"ሌላስ?"

አለቃ ከጀርባዋ የተደረደረውን አሞሌ አዩ። መንገዱንም ዞር ብለው አዩ።

"ጨውም ጨምሪበት" አሉ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሳልህ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ሥራነሽ ሁልጊዜ የምትወስደውን ያህል።"