አባቦራ ስልክ ይዘው ሲሮጡ

ሰው ስልክ ይዞ ይሮጣል ወይ? ይሮጣል፤ አባቦራ ግን አይሆንላቸውም። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሐኪሙ «ጠዋት ጠዋት ሶምሶማ ይሩጡ፤ ካልወረደ ወደ መርፌ እንገባለን» ካላቸው ወዲህ፣ ልጃቸው ሱዓድ ስልኩን ኪሳቸው ሳትከት ከሄርማታ ሰፈር ቤታቸው አታስወጣቸውም። ምን ታድርግ? ባለፈው ሱቃቸው ደጃፍ ራሳቸውን ስተው ወድቀው ነበር። እናቷን ቀብራለች፤ የቀሯት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ችግሩ ስልኩ ይጠራል። የጅማ ሽማግሌ ደግሞ ስልክ አንስቶ «እየሮጥኩ ነው» ብሎ ይዘጋል? ወላሂ ነውር ነው! አባቦራ መንገድ መሃል ቆመው «አካም ቡልተ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ዝናቡስ እንዴት ነው?» ሲሉ ላባቸው ይደርቃል። ያ ሳያልቅ የአጋሮው ቡና ነጋዴ ይደውላል። ሱዓድ ራሷስ ብትሆን! «ደህና ነዎት?» እያለች ታስቆማቸዋለች። በወሩ ስኳሩ ሲለካ ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ ስልክ ነው የገደለኝ» አሉ።

«እሱማ ነው የሚያድንዎ!» አለች ሱዓድ ተቆጥታ።

በማግስቱ አባቦራ ሱብሂ ሰግደው ወጡ። ሱዓድ ትንሽ ቆይታ ብትደውል ስልኩ እዚያው ቤት፣ ትራሳቸው ሥር ጮኸ። ሻርፗን ጣል አድርጋ በነጠላ ጫማ ወጣች። መንደራ ቆጪ መታጠፊያ ላይ ባጃጅ ነጂው ኡመይር «አባትሽን ነው? አሁን አለፉ፤ ማን ይደርስባቸዋል!» ብሎ ሳቀ። እሷ ምኑም አላሳቃትም፤ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ሮጠች።

ዳገቱ ላይ ደረሰችባቸው። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ፊታቸው በርቷል። እሷ ግን ጎኗን ይዛ መንገድ ዳር ዘጭ አለች። እንባዋ መጣ።

«ያ ረቢ! ማን ሞተ?» አሉ ደንግጠው።

«እርስዎ! እርስዎ የወደቁ መስሎኝ!»

አባቦራ ሊስቁ ከጀሉና እንባዋን ሲያዩ ተዉት። አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ስወድቅ እኮ ስልኩ ኪሴ ነበር። ያነሳኝ ሰው ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ ስልኩን ኪሳቸው የከተተችው ለራሷ ፍርሃት ነበር።

«ከነገ ጀምሮ አብሬዎ ነው የምወጣው» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«ትችይኛለሽ?» አሉ አባቦራ፤ መልሷን ሳይጠብቁ ዳገቱን ተያያዙት። ሱዓድ ባዶ እግሯን ከኋላቸው ሮጠች።