ጠቅ የሚለው ቦርድ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በቴአትር አዳራሹ ውስጥ አራት ሆነን ነበር፦ ሥራ አስኪያጇ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው፣ የመብራት ሠራተኛው አጎቴና ሽቦ የምዘረጋው እኔ። አጎቴ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ተዋንያኑ «ጋሽ ሻማ» ይሉታል። ከእውነተኛ ስሙ ይልቅ በዚህ ሲጠሩት ነው ቶሎ የሚዞረው።

መድረኩ ላይ ባለ ጠረጴዛ ሁለት ሪሌ ቦርዶች ተቀምጠዋል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ባለሱቁ ሞክረን አንዱን እንድንመርጥ በአደራ ሰጥቶናል። ሪሌ ቦርድ ኮምፒውተር ሲያዘው መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ሰሌዳ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ የፓውዛ ኃይል መሸከም ስለማይችል ትእዛዙን ወደ ሰሌዳው ይልካል። አንደኛው ቦርድ ትንንሽ ሰማያዊ ሳጥኖች አሉት፤ በታዘዘ ቁጥር ውስጣቸው ያለው ብረት እየተሳበ ጠቅ ይላል። ሁለተኛው የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ምንም ድምፅ አያሰማም።

«ይሄ ምን ምርጫ አለው?» አለ ባለሙያው። «ጸጥተኛው ነዋ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ሳይጮህ ከሚነክስ ውሻ ይሰውርህ» አለ አጎቴ።

«ጋሼ ደግሞ፤ ውሻ አይደለም እኮ የምንገዛው።»

«ውሻ ቢሆንማ ይሻል ነበር። ሲጠሩት ይመጣል።»

ሥራ አስኪያጇ ሳቀች። «ጋሽ ሻማ፣ ባለፈው ትርኢት ሟቿ ስትናዘዝ የእርስዎ ማብሪያ ቋ ሲል የፊት ወንበሩ በሙሉ ሳቀ። ሟቿም ሳቀች። ይህን ሁሉ የምንደክመው ያ ድምፅ እንዲቀር አይደል?»

«እሷ የሳቀችው አሟሟቷ ስላላማራት ነው። በእኔ አታሳብቢ።»

ለምን እንደሚከራከር የማውቀው እኔና ሚስቱ ብቻ ነን። ዓይኑ እየደከመ ነው። ሐኪሙ መነጽርም ቀዶ ጥገናም እንደማይመልሰው ነግሮታል። አጠገቡ የቆመን ሰው ያያል፤ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ፎቁ ላይ ካለችው የመብራት ክፍል ሆኖ ግን የትኛው ፓውዛ እንደበራ መለየት አይችልም። በድሮው ማብሪያ ይህ አላስቸገረውም። ከባዱን እጀታ ሲጎትት ምቱ መዳፉ ላይ ይሰማው ነበር። አሁን እጀታው ተነቅሎ በቦታው ኪቦርድ ተተክቷል። የቁልፎቹን ቦታ በጣቱ ለምዶታል፤ ትእዛዙ መድረሱን ግን የሚነግረው ጠቅታው ብቻ ነው። ይህ ከታወቀ ቤት የሚያስቀምጡት ይመስለዋል። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብያለሁ።

«እንሞክረዋ» አለች ሥራ አስኪያጇ። «መጀመሪያ ጸጥተኛውን። ጋሽ ሻማ ይውጡና ያብሩልኝ፤ እኔ እዚህ ተዋናይ እሆናለሁ።»

ባለሙያው ቦርዱን አገናኘ፤ ከዚያ ለእሷ መቆሚያ ቦታ እንዲሆን ጠረጴዛውን ወደ ጎን ገፋው። እኔና አጎቴ ፎቅ ወጣን። አጎቴ መስኮቱን ከፍቶ አንዱን ቁልፍ ተጫነ።

«አራተኛው ይኸው!» ብሎ ወደ ታች ተጣራ። «ፊትሽ ላይ ነው። አማረብሽ።»

ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ጠረጴዛው ሲገፋ ኬብሉ ላልቶ ኖሮ ትእዛዙ አልደረሰም። ቀና ብላ ጨለማውን ፓውዛ አየችው፤ ከዚያ ወደ እኛ መስኮት ተመለከተች። ባለሙያው፣ «ጋሽ ሻማ ቀልድ አያልቅባቸውም» ብሎ ሳቅ ጀመረ፤ ብቻውን እንደሆነ ሲያይ ተወው።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «አልበራም እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አልበራም ጋሼ።»

ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ደረጃው ሲንቋቋ ሰማን። ሁለቱ ወጡና በጠባቧ ክፍል ትከሻ ለትከሻ ቆምን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ቆየ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ ልጄ? መብራት ሠራተኛው መብራት አያይም ልበልሽ? ቤትዎ ይረፉ ትይኛለሽ። ቤት ደግሞ ሚስቴ ብቻዋን ትበቃለች።»

አልሳቀችም። «ከየትርኢቱ በፊት ፓውዛዎቹ ሥር እጅዎን ዘርግተው የሚዞሩትስ? ልጆቹ መብራቱን እየባረኩ ነው ይላሉ።»

«ሙቀቱን ነው። የበራው መዳፌን ያሞቀዋል፤ የተቃጠለው ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ የሞተውን አስቀይራለሁ። ስባርክ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ባለሙያው አንገቱን አከከ። «ጋሼ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ጠቅታው ቦርዱ መታዘዙን እንጂ አምፖሉ መብራቱን አይነግርዎትም። የተቃጠለ አምፖልም ጠቅ ይላል።»

«አውቃለሁ። ለአምፖሉ እጄ አለ። ትርኢቱ ከተጀመረ በኋላ ግን መድረክ ላይ ወጥቼ አልዳብስ። ያኔ ጠቅታው ይበቃኛል።»

«መሃል ላይ ቢቃጠልስ?»



ሥራ አስኪያጇ ግንባሯን አሻሸች። «እኔ እርስዎን ማጣት አልፈልግም። ነገር ግን መድረክ ጀርባ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ላስቀምጥ አልችልም። ተዋንያኑ ይበሉኛል።»

ሰው ሰብሰብ ባለበት መናገር አይሆንልኝም። «እዚህ ብናደርገውስ?» አልኩ።

«ምኑን?»

«ቦርዱን። ጠቅ የሚለውን። እዚህ ክፍል።»

ባለሙያው ጣራውን አየ። «ይሆናል። ግን የእያንዳንዱ ፓውዛ ሽቦ ከመድረኩ እስከዚህ ድረስ መምጣት አለበት። በዚያ ጣራ ላይ ማን ይጎትተዋል?»

«እኔ።»

«አንገትህ እንደቀና ይቀራል።»

«ይቅር» አልኩ።

ጠቅ የሚለውን ቦርድ አምጥተን፣ ለጊዜው ድምፁን ብቻ ለመሞከር፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ አገናኘነው። ሥራ አስኪያጇ ወርዳ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሩንና መስኮቱን ዘጋን። አጎቴ ቁልፎቹን ከአንደኛው ጀምሮ ተራ በተራ ተጫነ፤ በእያንዳንዱ ጠቅታ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እሷ ወደ መካከል፣ ከዚያም ወደ መጨረሻው ረድፍ ተዛወረች። በመጨረሻ ተመልሳ ወጣች።

«ፊት ምንም አይሰማም። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ትንሽ አለ።»

«እዚያ የሚቀመጡት ሊተኙ የሚመጡ ናቸው» አለ አጎቴ።

«እሺ። ግን ጋሼ፣ ትርኢት ባለ ቀን መድረኩን አይቶ የሚነግርዎ ሰው አጠገብዎ ይቀመጣል። መሃል ላይ የሚቃጠለው ጉዳይ አላሳመነኝም። ከእንግዲህም አይደብቁኝ።»

አጎቴ መዳፉን ኪቦርዱ ላይ አሳርፎ ነበር። ደስ እንዳላለው ከከንፈሩ ታወቀኝ።

«የሚቀመጠው ሰው ወሬኛ ከሆነ አባርረዋለሁ።»

«ይሄ የእህትዎ ልጅ ቢሆንስ?»

«እሱማ ዛሬ ነው አፍ የፈታው» አለ አጎቴ።

በማግስቱ ጸጥተኛውን ቦርድ ለባለሱቁ መለስንለት። ሽቦውን ጎትቼ ለመጨረስ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ለሥራው ተዘግቶ የቆየው አዳራሽ እንደገና ሲከፈት አጎቴ መብራቱን አበራ፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ መድረኩን አየሁለት።