ለዓሣ ገበያ ብዙ መድፍ

የታሪክ ማኅበራችን የባሕር ጠረፍ ከተሞችን የሚጎበኘው በብርዱ ወራት ነው። ፀሐይ ስትወጣ ሰው ታሪኩን ትቶ አይስክሬም ይልሳል።

የዘንድሮው ጉዞ ግን መዘዝ ነበረው። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጅ እናወጣለን፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ያስጎበኙን ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ሚስተር ፋርኳር ይቀጥላሉ፣ ወይም ቦታውን ለሚመኙት ለሚስስ ዳልግሊሽ ይለቃሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እኚህን ሰው ከቤት የሚያስወጣቸው ይህ ሥራ ብቻ ነው። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገረውም። እኛ የስኮትላንድ፣ የፋይፍ ሰዎች እንዲህ ነን፤ በሰው ፊት ስለ ስሜት ከማውራት ሱሪ ሳንለብስ ቤተ ክርስቲያን ብንገባ ይቀለናል።

ጠዋት ከባሕሩ የተነሳው ጉም የአውቶቡሱን መስኮቶች ጥጥ አልብሷቸው ነበር። ሾፌሩ አንድ ቦታ ሲያቆም ሚስተር ፋርኳር "ክሬግኔስ ደርሰናል!" ብለው ዘለው ወረዱ። እኛም ተከተልን። ሾፌሩ የቆመው ለሽንት ነበር።

"በስተቀኛችሁ" አሉ ሚስተር ፋርኳር፣ ጃንጥላቸውን ወደ ነጩ ባዶ ቀስረው፣ "ስምንት መድፍ የተጠመደበት ስመ ጥሩው የክሬግኔስ ግንብ!"

ሃያ ሁለት ሰው ወደ ቀኝ ዞረ። ጉም ብቻ።

"እንዴት ያምራል!" አሉ ሚስስ ቤርድ።

"በተለይ ጣሪያው" አሉ ባለቤታቸው፣ ጡረተኛው ዳኛ።

ጉሙ ለአፍታ ሳሳ። ግንቡ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሆኖ ተገኘ፤ በሩ ላይ "እስከ ፋሲካ ዝግ ነው" ይላል። ሾፌሩ ከጀርባው ቀበቶውን እያጠበቀ ብቅ አለ። ሁላችንም ፎቶ አነሳን።

ውሻውን የሚያናፍስ ሽማግሌ አጠገባችን ቆመ። "ምን ጠፍቷችሁ ነው?"

"ምንም። የክሬግኔስን ግንብ እያየን ነው" አሉት ዳኛው።

"ክሬግኔስማ አሥር ኪሎ ሜትር ይቀራችኋል። ይሄ ሴንት ኬል ነው!"

የሚስተር ፋርኳር ፊት ከጉሙ ጋር አንድ ሆነ። ከመካከላችን አንድ ሰው "እውነት?" ቢል አለቀላቸው።

"ጉም ነው ጌታዬ" አሉ ዳኛው ቀስ ብለው። "ያሳስታል።"

"እዚሁ ተወልጄ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው እኮ!"

"በራስዎ አይጨክኑ" ብለው ሚስስ ቤርድ ክንዱን ያዝ አደረጉት። "ማንም ይሳሳታል።"

ሰውየው ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የፖስታ ቤቱን ስም ሊያነብ ሲመለስ አየነው።

ቀጣዩ ከተማ ስንደርስ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታለች። እውነተኛው የክሬግኔስ ግንብ ስምንት መድፎቹን ወደ ባሕሩ ደግኖ ቁጭ ብሏል። ችግሩ፣ ክሬግኔስን ጨርሰናል። በፕሮግራሙ መሠረት የቀረን ሴንት ኬል ነው።

"ይህ..." አሉ ሚስተር ፋርኳር ምራቃቸውን ውጠው፣ "ይህ የሴንት ኬል የዓሣ ገበያ ነው።"

"ለዓሣ ገበያ መድፉ አልበዛም?" አሉ ሚስስ ዳልግሊሽ፣ ድምፃቸው ማር ማር እያለ።

ሚስተር ፋርኳር ሰማይ ሰማይ አዩ። "ለወፎቹ ነው። የባሕር ወፎች ዓሣ እየሰረቁ አስቸግረው ነበር።"

ሁላችንም አንጋጠጥን። አንዲት ወፍ በላያችን አለፈች።

"ገና ስትታይ ሌባ ነች" ብለው ዳኛው ፈረዱባት።

ሚስስ ዳልግሊሽ ሌላ ጥያቄ ሊያስከትሉ ሲሉ ሚስስ ቤርድ የእንቁላል ሳንድዊች ዘረጉላቸው። ሳንድዊች እምቢ አይባልም።

ስንመለስ ነገሩ በሚስተር ፋርኳር አሸናፊነት ያለቀ መስሎ ነበር። ሚስስ ዳልግሊሽ እንኳ ተስፋ ቆርጠው ሹራብ መሥራት ጀምረዋል። "እሳቸው እንዲቀጥሉ የምትፈልጉ" ብዬ ድምፅ ቆጠራውን ልጀምር አፌን ስከፍት፣ ሚስተር ፋርኳር ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"ወዳጆቼ፣ ዋሽቻችኋለሁ። ግንብ ብዬ ያሳየኋችሁ ሽንት ቤት ነው። ገበያ ያልኳችሁ ደግሞ ግንቡ ነው። ሳውቅ ፈርቼ ዝም አልኩ። ይህን ሥራ ካጣሁ... ቤቱ ጭር ብሏል፤ የት እንደምሄድ አላውቅም።" እንባቸው ወረደ።

ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ያዘ። ዳኛው የአደጋ ጊዜ መውጫውን መመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

"ግንቡንማ ይቅር ብለናቸው ነበር" አሉኝ ሚስስ ቤርድ በጆሮዬ፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ። "ሽንት ቤቱንም። ግን ልጄ፣ በሰው ፊት ማልቀስ! ለዚያውም ከነምክንያቱ!"

"እውነቱን እኮ ነው የተናገሩት።"

"እሱን ነው የምልሽ።"

ለሚስስ ዳልግሊሽ ሃያ ሁለት እጅ ወጣ። አንዱ የሚስተር ፋርኳር ነው፤ ለራስ ማውጣት ነውር ነዋ። አንዱ የእኔ ነው፤ ሁሉም ሲያወጣ የእኔን ጭኔ ላይ ማስቀመጥ ትኩረት መሳብ መሰለኝ። ለሚስተር ፋርኳር አንድ ድምፅ ተገኘች። የሰጧቸው ሚስስ ዳልግሊሽ ናቸው፣ ከእጃቸው ላይ ሹራቡ እየተንጠለጠለ።