የሚመለከተው አካል

«ክቡራትና ክቡራን አድማጮቻችን፤ ሰሞኑን በከተማችን ዝናብ የዘነበ መሆኑን የሚመለከተው አካል አረጋገጠ።»

ይህ ዜና በሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያው የጠዋት እወጃ በመጀመሪያ ደረጃ ሲነበብ፣ የከተማው ሰው ከሚያፈስ ጣሪያው ሥር ባልዲ ደቅኖ፣ ካልሲውን እየጨመቀ ያዳምጥ ነበር። ማንም አልሳቀም። እንዲያውም አንዳንዱ «እንግዲያው ዘንቧል ማለት ነው» ብሎ ጃንጥላ ሊገዛ ወጣ። ጣቢያው ያልተረጋገጠ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ሰማይ ስላወረደው ብቻ ዘነበ አይባልም።

ዜናውን ያነበበችውን ሴት ከተማው «አረጋጊዋ» ይላታል። ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ድምፅዋን የማያውቅ ግን የለም። የማይቸኩል፣ ሞቅ ያለ፣ ብርድ ልብስ የሚመስል ድምፅ ነው። መርዶ እንኳ በእሷ አፍ ሲነገር ሰው «ደግ አደረገ» ሊል ምንም አይቀረው። ገበያው የተቃጠለ ጊዜ «እሳቱ በቁጥጥር ሥር ውሏል» ብላ ስታነብ፣ ሱቁ አመድ የሆነበት ነጋዴ «የት ነው ያሰሩት? ሄጄ ልየው» አለ እንጂ ደረቱን አልደቃም። ከእሷ በፊት የነበረው አንባቢ ያንኑ እሳት ገና ሲነድ «እየነደደ ነው» ብሎ አንብቦት ነበር። ዛሬ ምድር ቤት ተቀምጦ የወፍ ድምፅ የተቀዳባቸውን ካሴቶች አቧራ ያራግፋል። ጥፋቱ መዋሸት አልነበረም፤ መቅደም ነው።

ከተማው የማያውቀው ነገር ቢኖር አረጋጊዋ ራሷ ፈሪ መሆኗን ነው። ጨለማ ትፈራለች፣ አሳንሰር ትፈራለች፣ ከሁሉም አስበልጣ ምድር ቤቱን ትፈራለች። ስቱዲዮው ውስጥ ቀዩ መብራት ሲበራ ግን ፍርሃቷ እንደ ጫማ በር ላይ ወልቆ ይቀራል። መብራቱ ሲጠፋ አጥልቃው ትወጣለች።

የዚያን ዕለት፣ የቀትር ዜና ከመድረሱ በፊት፣ የጣቢያው ሹፌር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ የዜና ክፍሉን በር በትከሻው ከፍቶ ገባ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት እሷና፣ ከመስማት ብዛት «ጆሮ» የሚል ስም የወጣለት ቴክኒሺያን ብቻ ነበሩ።

«ግድቡ ተሰንጥቋል» አለ ሹፌሩ።

«ቀስ በል እንጂ ሰውዬ! ግድግዳ ጆሮ አለው» አለ ጆሮ።

«የዚያኛው ግድግዳ አፍም አለው። ውሃ ይተፋል።»

«በዓይንህ አይተኸዋል?»

«ላይ ያለውን አንቴና ጠግኜ ስወርድ ነዋ። ወገቡ ላይ ነው የተሰነጠቀው። ጣቴን ልክተትበት ብል ክንዴ ገባ። ደግሞ ድምፅ አለው፤ ሆዱን እንዳመመው በሬ ያጉረመርማል።» የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ መልሶ አነሳ። «ልጆቼን ላወጣ ሄጃለሁ። ከሥራ ገበታው ጠፋ ብላችሁ መዝግቡኝ።»

ግድቡ ከከተማው በላይ፣ በሁለት ተራሮች መካከል ተወትፎ የቆመ ነው። ከሥሩ ሸለቆው ውስጥ የታችኛው ሰፈር አለ። በታችኛው ሰፈር፣ ወንዙ ዳር፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ውስጥ የአረጋጊዋ እናት ይኖራሉ። ስልኩን ስትደውል ጣቶቿ ቁጥሩን ሁለቴ ሳቱት።

«እማዬ፣ ስሚኝ። ነገር ሳታበዢ አሁኑኑ ተነሺና ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ውጪ። ግድቡ ተሰንጥቋል።»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኛ የምልሽ!»

«አንቺማ ድመት ባየሽ ቁጥር ነብር መጣ ብለሽ ቀሚሴ ውስጥ ስትገቢ ነው ያደግሽው። ሬዲዮ ምን አለ?»

«ሬዲዮ ምንም አላለም።»

«እንግዲያው ምንም የለማ!»

«እማዬ በሞቴ! ሬዲዮ ላይ የማነበው እኮ እኔው ነኝ!»

«አጣሁት እንዴ? የወለድኩሽ እኔ። አንቺ ልጄ ነሽ፣ ትፈሪያለሽ። ሴትዮዋ ግን ሬዲዮ ናት፣ አትፈራም። ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። እኔ ብርድ ልብሴን ተሸክሜ ብወጣ ሰፈሩ ተግተልትሎ ይከተለኛል። ከዚያ ምንም ሳይመጣ ቢቀር ነገ በየት በኩል ነው ቀና ብዬ የምሄደው? እሷ ውጡ ትበል፣ እወጣለሁ። በይ፣ ምሳሽን ብዪ።»

ተዘጋ።

አረጋጊዋ የስልኩን እጀታ እንደያዘች ቆመች። ሄዳ እጃቸውን ይዛ እንዳትጎትታቸው፣ እናቷ ተጎትተው የሚሄዱ ሴት አይደሉም። ቢጎተቱስ? ሰፈሩ ሁሉ እሳቸውን እያየ የተቀመጠ ነው። በእናቷና በውሃው መካከል የቀረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እሱም የራሷ ድምፅ። ያ ድምፅ ደግሞ የእሷ አይደለም፤ የሥራ አስኪያጁ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይባልም። እሱም ይፈራል፤ ነገር ግን ማዕረግ ያለው ሰው ሲፈራ ተጠነቀቀ ነው የሚባለው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት በጽሕፈት ጠረጴዛው መስተዋት ሥር አስቀምጦታል። ቢሮው ስትገባ ስልክ ጆሮው ላይ ነበር፤ ግንባሩን አልቦታል።

«ሰምቻለሁ» አለ፣ አፏን ሳትከፍት። «ወሬው ከደረሰኝ ከጠዋት ጀምሮ የግድቡ ጽሕፈት ቤት እየደወልኩ ነው። ዘበኛው 'ስብሰባ ላይ ናቸው' ይላል። አሁን ደግሞ ጭራሽ የሚያነሳ ጠፋ።»

«እንግዲያው እንናገር! ሹፌሩ በዓይኑ አይቷል።»

«ሹፌር የሚመለከተው አካል አይደለም።»

«ክንዱ ገብቷል እኮ!»

«ክንዱም የሚመለከተው አካል አይደለም።» ስልኩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አየሽ፣ የሕዝብ ሬዲዮ ነን። አደራ አለብን። ያልተረጋገጠ ዜና ሲሰማ ሕዝብ ይረጋገጣል። በዚያ ጠባብ መንገድ አንድ ሽማግሌ ቢረገጥ የሚጠየቀው ማነው? እኔ።»

«ውሃው ሲመጣስ ማን ይጠየቃል?»

«መምጣቱ ሲረጋገጥ እንናገራለን።»

«ያኔማ የሚሰማን ዓሣ ነው!»

ይህ ከማን አፍ እንደወጣ ለማየት ሁለቱም ዘወር ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እሷ ለሥራ አስኪያጅ እንዲህ ብላ አታውቅም። እሱም እንዲህ ተብሎ አያውቅም። እስክሪብቶውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው፤ ከዚያ የተጻፈ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ።

«መጀመሪያ 'ተሰነጠቀ' የሚለውን 'መጠነኛ የመላቀቅ ዝንባሌ አሳየ' ብዬው ነበር» አለ። «እሱም ያስደነግጣል ብዬ ሰረዝኩት። ይህንን በዚያ በሚያረጋጋው ድምፅሽ አንብቢ። አደራ፣ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ።» ወለሉን እያየ ጨመረ። «ምድር ቤቱ ሰፊ ነው።»

ስቱዲዮው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ውሃ ልትጠጣ ብርጭቆ አነሳች። ውሃው ብርጭቆው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል አይታ ሳትጠጣ አስቀመጠችው። ከመስተዋቱ ማዶ ጆሮ ከመሣሪያው ጋር ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁም መጥቶ ከኋላው ቆመ፤ ዜና ሲነበብ እዚያ ቆሞ አያውቅም። ለስልክ ተጠርቶ ለአፍታ ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ጆሮ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለ። ድምፁ በጆሮ ማዳመጫዋ ገባ።

«ምን እንደምታስቢ አውቃለሁ። ፊትሽ ይጮኻል።»

«ፈራሁ።»

«ፈሪ ለእናቱ ነው ይባላል።»

«እናቴ እኮ እዚያ ታች ናት!»

«ለዚያ ነዋ የምልሽ። አይዞሽ አልልሽም፤ እኔም እግሬ ከድቶኛል። ግን የምትዪውን ሁሉ በዚያው ድምፅሽ በዪው። ከጮኽሽ 'ይቺ ደግሞ ማናት' ብለው ሬዲዮናቸውን ይነካካሉ እንጂ አይወጡም።»

ሥራ አስኪያጁ ተመለሰ። ቀዩ መብራት በራ።

ፍርሃቱ እንደ ወትሮው በር ላይ አልቀረም። አብሯት ገብቶ ጭኗ ላይ ተቀመጠ። ድምፅዋ ግን ያው ነበር፤ እሷንም ገረማት። የማዘጋጃ ቤቱ አጥር ቀለም መቀባቱን አነበበች። ቀለሙ ግራጫ መሆኑን አነበበች። ከዚያ ሁለተኛው ወረቀት መጣ፦ «በግድቡ ዙሪያ የሚናፈሰው ወሬ መሠረተ ቢስ ሲሆን፣ የሚመለከተው አካል መግለጫ እስኪሰጥ ድረስ ነዋሪዎች ተረጋግተው የዕለት ሥራቸውን እንዲቀጥሉ...»

«የሚመለከተው አካል» የሚለው ላይ ዓይኗ ተጣበቀ። ይህን ሐረግ በሕይወቷ ስንት ጊዜ እንዳለችው አታውቅም፤ ሰው እንዳለበት ግን አስባ አታውቅም። አሁን አሰበች። ግድብ ቢፈርስ ማንን ይመለከታል? አረንጓዴ በር ያለው ቤት ታያት። ሬዲዮኑ መስኮቱ ላይ ነው። እናቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጆሯቸውን ወደ እሱ አዘንብለዋል።

«የሚመለከተው አካል እንዳስታወቀው» አለች፣ በዚያ በማይቸኩል ድምፅ፣ «ከከተማችን በላይ ያለው ግድብ ተሰንጥቋል። የታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች በሙሉ ዕቃ ሳትሰበስቡ፣ አሁኑኑ ወደ ኮረብታው ትምህርት ቤት ውጡ። ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን አስቀድሙ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አትጋፉ፤ ቤታችሁን ለመቆለፍም አትመለሱ። ዜናውን እደግመዋለሁ።»

ከመስተዋቱ ማዶ ሥራ አስኪያጁ ቁረጠው ለማለት እጁን እንደ ቢላዋ አንገቱ ላይ አመላለሰው። ጆሮ ዞር ብሎ በእርጋታ አየው።

«አንገትዎን አመመዎት?» አለው።

«ቁረጥ! ቁረጥ እኮ ነው የምልህ!»

«ምኑን?»

እነሱ ሲነጋገሩ እሷ ደገመችው። ሦስተኛም አለችው። ከዚያ ቀዩ መብራት ጠፋ።

ሥራ አስኪያጁ በሩን ከፍቶ ገባ። ፊቱ የማዘጋጃ ቤቱን አጥር መስሏል።

«የትኛው አካል ነው ያስታወቀው?»

«የሚመለከተው።»

«ማንን ነው የሚመለከተው?»

«እናቴን» አለች።

ሥራ አስኪያጁ የስቱዲዮውን ጠረጴዛ ይዞ ማስተባበያ ሊጽፍ ተቀመጠ። «ቀደም ሲል የተላለፈው ዜና ስሕተት መሆኑን...» ብሎ ቆመ። ስሕተት መሆኑን ያረጋገጠው ማነው? ማስተባበያም ማረጋገጫ ይፈልጋል። እስክሪብቶውን እየነከሰ ቀረ።

እሷ በዚያ ጊዜ ለእናቷ ደወለች። ጠራ። እናቷ ስልክ ሁለቴ እስኪጠራ የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። የሚያነሳ የለም። ስልክ ባለመነሳቱ ደስ ሲላት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስታውም ፍርሃት ፍርሃት ይላል። በኮሪደሩ መስኮት ብቅ ብላ አየች። በኮረብታው መንገድ ጃንጥላዎች፣ ብርድ ልብሶች፣ ጀርባ ላይ የታዘሉ ሰዎች ተሰልፈው ይወጣሉ። ማንም አይጋፋም። ከዚያ ርቀት የእናቷን ጃንጥላ ከሌላው መለየት አልቻለችም። ዓይኗን ሳትነቅል ቆማ ሳለ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ስልክ ጮኸ፤ ተመልሳ ገባች።

ሥራ አስኪያጁ ዘሎ ተነሳ። ጆሮ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር ስላገናኘው ንግግሩ ክፍሉን ሞላው።

«ሃሎ! ሬዲዮ ነው?»

«የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ነኝ።»

«የግድቡ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ወደ አረጋጊዋ በአገጩ እያመለከተ፣ «ክቡር ኃላፊ» አለ፣ «አሁን የተላለፈው ነገር የአንዲት ሠራተኛ የግል ድፍረት ነው። እርምጃ እንወስዳለን። ማስተባበያውንም ጀምሬዋለሁ፤ እርስዎ አንዲት ቃል ይስጡኝና...»

«ኧረ እሱን ተወው! 'የሚመለከተው አካል አስታወቀ' ስትሉ ሰማን። ማነው እሱ?»

«እርስዎ ነዎታ!»

በማጉያው ውስጥ፣ ከኃላፊው ድምፅ ጀርባ አንድ ነገር ያጉረመርማል።

«እኛማ» አለ ኃላፊው፣ «ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነን። ነገሩ የሚያሰጋ ቢሆን ሬዲዮው ዝም አይልም ነበር እያልን፣ እናንተን ከፍተን ስንጠብቅ ነው የዋልነው።»

ሥራ አስኪያጁ የኮቱን ቁልፍ ፈታ።

«አሁን የት ናችሁ?» አለ።

«ጣሪያ ላይ ነን። ታች ያለው ክፍል ውሃ ገብቶበታል። ሬዲዮናችንን ይዘን ወጥተናል፤ ባትሪው ግን እየደከመ ነው። ሳያልቅብን፣ ቀጥሎ ምን እንደምናደርግ ቶሎ ንገሩን።»