ከአዳማ የተነሳው ባቡር

«ቆይ፣ እኔ ታዲያ ምን ልበላቸው?» አለች ረድኤት፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል እንደያዘች።

«ችግሩ የሐዲዱ ነው በያቸው። ሐዲዱ ደግሞ የእኛ አይደለም» አለና ባቡሩን የሚነዳው ኩባንያ ሠራተኛ ዘጋባት።

ረድኤት ሮቤ መናኸሪያ በር ላይ ትኬት ትሸጣለች፤ እስከ አዳማ የአውቶብስ፣ ከዚያ ወዲያ የባቡር። ከማለዳ ጀምሮ መስኮቷ ሥር የቆሙት ኦቦ ጉዲና ከዲንሾ ነው የመጡት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሽቶ፣ ድሬዳዋ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ በዚሁ ትኬት ሄደዋል። ትናንት ማታ መድረስ ነበረባቸው። እሳቸውም አልደረሱ፣ ስልካቸውም አይሠራ።

ሐዲዱን ወደሚጠብቀው ኩባንያ ደወለች።

«ሐዲዱ ሰላም ነው። የተበላሸው ሞተሩ ነው» አላት የዚያኛው ሰው።

«እሺ፣ የት ነው የቆመው?»

«እሱን የሚነዱትን ጠይቂ።»

«እነሱ እኮ እናንተን ጠይቂ አሉኝ!»

ዘጋ። ጠዋት ባቡሩ መንገድ ላይ ቆሟል ተብላ ነበር፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ከአዳማም አልተነሳም ተባለች። የቱን እንደምታምን ጠፋት።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ምን አሉሽ?» አሉ ኦቦ ጉዲና። «አራሷ ልጄ አሁንም ደውላ አለቀሰች። ክፉ ነገርም ከሆነ አትደብቂኝ።»

«ኧረ እንዲህ አይበሉ አባቴ! ሐዲዱ… ማለቴ ሞተሩ…»

ደንበኛን ከኩባንያዎቹ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ከሥራ እንደሚያስባርር አለቃዋ ደጋግሞ ነግሯታል። የራሷን ስልክ ከቦርሳዋ አወጣች። በሥራ ስልኳ ወደ ባቡሩ ሰዎች፣ በራሷ ወደ ሐዲዱ ሰዎች ደወለችና ሁለቱም ሲያነሱ ድምፃቸውን ላውድ አድርጋ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«ተገናኙ፤ እናንተው ተነጋገሩ» አለች።

«ሞተር ነው ብላችሁ የምታስወሩት እናንተ ናችሁ?» አለ የባቡሩ ሰው።

«ታዲያ ሐዲዱ ምን ሆነ?»

«ተሰንጥቋላ!»

«ብትፈትሹት የእናንተው ሞተር ነው! በረሃ ላይ የጣላችኋቸውን ሰዎች በአውቶብስ ሚኤሶ ወስደን ያሳደርናቸውስ እኛ አይደለንም?» አለ የሐዲዱ ሰው።

ረድኤት ክው አለች። ከጠዋት ጀምሮ ይህን የነገራት አንድም ሰው የለም። ኦቦ ጉዲና ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

«ቆይ ቆይ» አለ ከሁለቱ አንዱ፣ ድንገት ነቅቶ። «ረድኤት፣ አጠገብሽ ደንበኛ አለ እንዴ?»

ሽማግሌውን አየቻቸው። ሁለቱንም ስልኮች በመስኮቱ አሾልካ እጃቸው ላይ አስቀመጠች።

«አለ» አለች። «ኦቦ ጉዲና፣ እርስዎ ይጠይቋቸው። የወይዘሮ ሽቶን ሙሉ ስም ይንገሯቸው።»